ለሦስተኛ ጊዜ የተላለፈ መርዶ

ጥሩወርቅ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ከሳሎኑ አንድ የወንድ ድምፅ «የቅዳሜው መርዶ ይለፍልኝ ጋሽ ዘገዬ፤ ከስደተኞች ቢሮ ኢንተርቪውዋ በኋላ ይሁን» ሲል ሰማችና ቢላዋው ዳቦው መሀል ቀረ። በማእድ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ጣሪያው ጋ አይደርስም፤ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተትቶለታል፤ በዚያ በኩል የሽንኩርት ሽታ ወደዚያ፣ ወሬ ወደዚህ ይመላለሳል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ውጪ የናይሮቢ የሰኔ ብርድና ካፊያ ስለሆነ የማእድ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ተሸፍኗል። ጥሩወርቅ እዚህ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ የዚህ ቤት የኋላ ክፍል ተከራይታ መኖር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አከራይዋ ጋሽ ዘገዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት ሰው ይመጣባቸዋል፤ የሚጸለይለት፣ የሚታረቅ፣ ደብዳቤ የሚጻፍለት። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ የእሳቸውን ጉባኤ ሰዎች ብዙም አታውቃቸውም፤ ከሳሎን የሚመጣውንም ሰምታ እንዳልሰማች ማለፍ ለምዳለች። ይህን ድምፅ ግን አወቀችው። ማክሰኞ ማክሰኞ ኪሊማኒ ሰፈር፣ የምትሠራበት ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ውስጥ፣ «ደህና ነሽ እህት ጥሩወርቅ?» የሚላት ድምፅ ነው። ኢያሱ። እሷ የምታስተረጉምላት የርብቃ ወንድም።

«ሁለት ጊዜ አስተላለፍን እኮ ልጄ» አሉ ጋሽ ዘገዬ። «አምስት ወር ሞላ። ጉባኤው በሙሉ ያውቃል። እሁድ እሁድ እዚያች ልጅ ፊት ስቆም እኔ ራሴ የምገባበት ይጠፋኛል።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ታማለች። ጉሮሮዋን ያንቃታል፣ ያዞራታል፤ ባለፈው ወር ታውን፣ መሀል ከተማ ወድቃ ሰው ነው ያነሳት። ምርመራው ሁሉ ምንም የለባትም ነው የሚለው። በዚህ ላይ እማዬ ሞታለች ብላት ትሞትብኛለች። ኪሊማኒ የያዘቻት ሐኪም አለች፤ ትንሽ ትሻላት።»

«እናቷን አትጠይቅም?»

ሶፋው ሲንቋቋ ተሰማ። «የእማዬን ቴሌግራም ሁለተኛው ስልኬ ላይ ከፍቼዋለሁ» አለ። «በእሷ ስም የምጽፍላት እኔ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ስልኬ ድምፅ አያሰማም፣ አትደውይ እላታለሁ።»

«አንድ ቤት እየኖራችሁ?»

«በመጋረጃ ነው የተከፈለው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ እልካለሁ፣ የእሷ ስልክ ከመጋረጃው ወዲያ ይጮኻል።»

«ጌታ ሆይ» አሉ ጋሽ ዘገዬ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም መጸለይ ጀመሩ፤ ጋሽ ዘገዬ ጮክ ብለው፣ ኢያሱ ከስር አሜን እያለ። ጥሩወርቅ መውጫዋ በሳሎኑ በኩል ስለሆነ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ብትወጣ ኢያሱ ያያታል፤ ካያት የእህቱን አስተርጓሚ ማየቱ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ምን እንደሚሉ ልታስበው አልቻለችም። የጋሽ ዘገዬ ባለቤት እትዬ ሙሉሸዋ የሻይ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዘው ገቡና እሷንም ዳቦውንም አዩ።

«አንቺ፣ ዳቦ ነው የምትቆርጪው ወይስ በግ ነው የምታርጂው? አንድ ሰዓት ሙሉ ቢላዋ ይዞ መቆም!» አሉ። «ደሞ የሰኔን ጾም እጾማለሁ ትያለሽ፤ በጾም የሚወፍር ሰው ያየሁት አንቺን ብቻ ነው።» ከዚያ ፊቷን ልብ ብለው ሲያዩት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ልጅቷ ግን... ምንም አትጠረጥርም?»

«ከየት ትጠረጥር። ለቅሶውን እኮ ፓርክላንድስ፣ አንዲት እህታችን ቤት ነው የተቀመጥነው። ለእሷ የጸሎት ፕሮግራም ነው ተባለላት። መጣች።» እትዬ ሙሉሸዋ ብርጭቆዎቹን ውሃ ስር አስገቡ። «ስልሳ ሰው ሆነን እናቷን ያለቀስንበት ቤት ሻይ ስታዞር አመሸች። ምነው ዛሬ የሁላችሁም ዓይን ቀላ አለችን። መንፈስ ቅዱስ ነክቶን ነው አላት አንዱ።» ቧንቧውን ዘጉት። «የሰማሽውን እዚሁ ጣይው፣ የኔ እህት። ደካማ ናት። በደካማ ሰው ላይ መርዶ አይጫንም።»

ጥሩወርቅ አውቃታለሁ ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እዚያ ክሊኒክ ማን እንደሚታከም ለማንም እንደማትናገር ፈርማለች።

ኢያሱ እስኪሄድ ስትጠብቅ የለመደችው ማታቱ፣ የሰፈሩ ሚኒባስ፣ አለፋት። ቀጣዩ ሃምሳ ሺሊንግ የነበረውን ዋጋ ዝናቡን አይቶ ሰማንያ አድርጎት ጠበቃት፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ታውን ሰማንያ! ሰማንያ ማማ፣ ዛሬ ሰማዩም ጨምሯል!» እያለ ሲያሾፍ ሌላው ተሳፋሪ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በመስኮቱ በኩል መኪናው ተደርድሮ በቆመበት የሞምባሳ መንገድ ላይ ዓይኗን ተክላ ስለ ሥራዋ አሰበች። ሰባት ዓመት አስተርጉማለች፤ ለጠበቃ፣ ለሆስፒታል፣ ለስደተኞች ቢሮ። በእነዚያ ሁሉ ቦታዎች ሰው ይናገራል፣ ይጻፋል፣ ያልቃል። ዶክተር አቺየንግ ዘንድ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። ጥሩወርቅ መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ማለት አንገቱን እየነቀነቀ የሚሰማና በመጨረሻ ክኒን የሚያዝ ሰው ይመስላት ነበር። ዶክተር አቺየንግ ክኒን አታዝም፤ ዝም ብላም አትሰማም። በሽተኛው «አንዳንዴ ይከፋኛል» ሲላት «አንዳንዴ አትበለኝ፤ አንድ ቀን ምረጥ። የዚያን ቀን ምን ሆነ? ማን ምን አለ?» ትለዋለች። ወሬ ሲቀይር ትመልሰዋለች። ሲስቅ ታስቆመዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ጥሩወርቅ ባለጌ ሴት ናት ብላ ደምድማ ነበር፤ ጥያቄዎቿን ወደ አማርኛ ስትመልስ ጫፋቸውን ታለዝብላት ነበር። አንድ ቀን ዶክተሯ ሕክምናው የተቀረጸበትን ቪዲዮ ለሌላ አማርኛ አዋቂ አሳይታ ይህን ደረሰችበትና አስጠራቻት። አልተቆጣችም። «እኔ የምጠይቀው ጥያቄ እንደ ቀዶ ጥገና ቢላዋ ነው» አለቻት፤ «አንቺ ጨርቅ ከጠቀለልሽበት እቆርጣለሁ እያልኩ እደቁሳለሁ።» ከዚያ ወዲህ ጥሩወርቅ አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ የራሷን አታስገባም። የፈረመችው ወረቀት ላይ የሰፈረውም ይኸው ነው።

ለርብቃ ዶክተሯ ሥራውን ያስረዳቻት በመጀመሪያው ቀን ነበር። የምንወደው ሰው ላይ የሚነሳ ስሜት ሲያስፈራን እንውጠዋለን፤ የተዋጠው ግን አይፈጭም፤ አንዱ ጋ ራስ ምታት፣ አንዱ ጋ የሆድ ቁርጠት፣ አንዱ ጋ የጉሮሮ መታነቅ ሆኖ ይወጣል አለቻት። «የእኔና የአንቺ ሥራ ያንን ስሜት ከነሙሉ ጉልበቱ እዚህ ወንበር ላይ ማምጣት ነው። ቁጭ ብዬ አሥር ዓመት አልጠብቅሽም፤ ከአሥራ ሁለት ማክሰኞ በላይ አብረን እንድንቆይ አልፈልግም።» አራተኛው ማክሰኞ ላይ የርብቃ ጉሮሮ መቼ መቼ እንደሚታነቅ ታወቀ። ከኢትዮጵያ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሆሳዕና ከተማ እሁድ እሁድ ሳትደውልላት ቀርታ አታውቅም ነበር። ከጥር ወዲህ ግን መልእክት ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ «አትደውይ» የሚል። ርብቃ «አትደውይ» የሚለውን ቃል ስትጠራ ፈገግ አለች፤ ወዲያው እጇን ወደ ጉሮሮዋ ወሰደች። ዶክተሯም «አሁን ፈገግ አልሽ። አስተውለሻል?» አለቻት። በየሳምንቱ አሥር ጊዜ የምትለው ነገር ነው፤ በትሕትና፣ ቀስ ብላ፣ ሳትሰለች።

ማታቱው ኡሁሩ ሀይዌይ ላይ ሲቆም ጥሩወርቅ ነገሩን ለዶክተሯ ከቀጠሮው በፊት ለመንገር ወሰነች።

ክሊኒኩ ያለው ከአንድ ጥርስ ሐኪም ጎን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስትደርስ ጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ጠርጋ ወንበሮቹን እየመለሰች ነበር። ዶክተር አቺየንግ ጫማዋን እየቀየረች፣ ጭቃ የነካውን በፌስታል እያሰረች አገኘቻት።

«ስለ ርብቃ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አለቻት በእንግሊዝኛ።

«ስለ ርብቃ ከሆነ ርብቃ ባለችበት ትነግሪናለሽ። እሷ የሌለችበት ወሬ እዚህ ክፍል አይገባም፤ ይህን ታውቂያለሽ።»

«ከባድ ነገር ነው።»

«ከባድ ከሆነማ ይልቁንም» አለች ዶክተሯ፤ ፈገግ ብላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና ካሜራውን ለማስተካከል ዞረች። አራት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጥሩወርቅ ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ይበቃ ነበር። አልጨመረችም። መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው የለም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ተዘጋጅቶ፣ ውሃ ተቀድቶ፣ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኩቶ ነው። በቆመችበት ወዲያው የሚነገር ነገር አልመሰላትም።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ ኢያሱ የእህቱን ቦርሳ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ረዥም ቀጭን ሰው ነው፤ ፓርክላንድስ አንድ የሞባይል ዕቃ መደብር ውስጥ ይሠራል፤ ማክሰኞ ጠዋትን ከአሠሪው ለምኖ ነው የሚመጣው። ርብቃ አጠገቡ ግራጫ ሹራብ ለብሳ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ደብቃለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስትቀመጥ ግን ትምህርት ቤት በር ላይ ወላጅ የምትጠብቅ ልጅ ትመስላለች።

«ደህና ነሽ እህት ጥሩወርቅ? ብርዱን እንዴት ያዝሽው?» አለ ኢያሱ ብድግ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?» አለች። ከልማድ የወጣ ነበር። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«ሁሉም ደህና ናቸው፣ ተመስገን» አለ ኢያሱ፤ ፈገግ አለ። ከንፈሩ ወደ ግራ ብቻ የሚሳብ፣ ዓይኑ ጋ የማይደርስ ፈገግታ ነው። ጥሩወርቅ ይህን ፈገግታ ስድስት ሳምንት ሙሉ ርብቃ ፊት ላይ ስታየው ከርማለች።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበሮች አሉ። ዶክተሯና በሽተኛዋ በትንሹ ሰያፍ ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አስተርጓሚዋ ከበሽተኛዋ ግራ ትከሻ ኋላ፣ ድምፅ ብቻ እንድትሆን። ካሜራው ከዶክተሯ ጎን ቆሞ በሽተኛዋን ይቀርጻል፤ የሚቀረጸው በፈቃዷ ነው። ሁሌም በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ጥቂት ቁራጭ አብረው ያያሉ፤ ሰው የራሱን እጅ በሰው ሲነገረው የማያምነውን በዓይኑ ሲያየው ያምናል ትላለች ዶክተሯ። ጥሩወርቅ ስትቀመጥ ወንበሯ ከወትሮው ወደ ፊት መጠጋቱን አስተዋለች፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ልትመልሰው ስታስብ ርብቃ መናገር ጀመረች።

«እሁድ ዕለት ጻፈችልኝ» አለች፤ ስልኳን አውጥታ ለጥሩወርቅ ሰጠቻት። ጥሩወርቅ አነበበችው። «ደህና ነኝ ልጄ። አትደውይ፣ ስልኩ አይሰማም። እህል ብዪ። ጌታ ይባርክሽ።» ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጦ የሚጽፈውን ሰውዬ እያየችው ነበር።

«ይህን ስታነቢ ለእናትሽ ምን ይሰማሻል?» ጠየቀች ዶክተሯ።

«ምንም። ትንሽ ቅር ይለኛል።»

«ፈገግ አልሽ። አስተውለሻል?»

«አዎ።»

«እጅሽስ ምን እያደረገ ነው?»

ርብቃ ወደ ታች አየች። ቀኝ እጇ ከእጅጌው ወጥቶ አውራ ጣቱን ውስጥ አድርጎ ተጨብጧል። ረዥም ትንፋሽ ሳበች። ዶክተሯ ጣቷን አነሳች፤ ይህን ትንፋሽ ነው የምትጠብቀው፤ ስሜት ከታች ሲነሳ ሰው ሳያስበው እንዲህ ይተነፍሳል ብላ ለርብቃ ደጋግማ አስተምራታለች። «ተነፈስሽ። ምንድነው የመጣው?»

«ተናድጃለሁ» አለች ርብቃ። እንዲህ ያለ ቃል በእናቷ ላይ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው፤ ራሷ ደነገጠች። ሙቀቱ ከሆዷ ተነስቶ ደረቷ ላይ፣ ከደረቷ ክንዷ ላይ መድረሱን ዶክተሯ እየጠየቀች፣ እሷ እየመለሰች፣ ጥሩወርቅ እያመላለሰች ቀጠሉ። ርብቃ ወደ ኢንተርቪውዋ ወሬ ልትሸሽ ስትል ዶክተሯ መለሰቻት። ጌታ ያውቃል ብላ ልትዘጋው ስትል መለሰቻት። በመጨረሻ ዶክተሯ ወደ ፊት ጠጋ ብላ «እዚህ ክፍል ውስጥ፣ በሐሳብ ብቻ፣ ይህ ንዴት ሙሉ በሙሉ በእጆችሽ ቢወጣ ምን ያደርጋል?» አለቻት።

ርብቃ ጮኸች። «ያንን ስልክ ከእጇ ነጥቄ እሰብረዋለሁ! ትከሻዋን ይዤ አንዘፈዝፋታለሁ! አምስት ወር ሙሉ ድምፅሽን ስጠብቅ አትደውይ ትዪኛለሽ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም? እገፋታለሁ... እገፋታለሁ፣ ትወድቃለች!»

ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ምንም ሳያነቀው ወጣ። ጥሩወርቅ ቃል በቃል መለሰችው። ዶክተሯ ቀጥሎ የምትለውን ታውቀዋለች፤ ከሌሎች በሽተኞች ጋር ስትሠራ ሰምታዋለች። ንዴቱ ከወጣ በኋላ የተወደደውን ሰው ፊት እንዲያዩት ታደርጋለች፤ ከንዴቱ ስር ያለው ሐዘንና ፍቅር የሚገኘው እዚያ ነው። እያወቀችውም ልታስቀረው አልቻለችም።

«ወደቀች» አለች ዶክተር አቺየንግ። «አሁን እዪያት። ፊቷ እንዴት ነው? ዓይኖቿስ?»

ከግድግዳው ወዲያ የጥርስ ሐኪሙ መሣሪያ ያፏጫል። ጥሩወርቅ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ሰምታዋለች፤ በአማርኛ ምን እንደሚባልም ታውቃለች፤ ምላሷ ግን አልታዘዘላትም። ዶክተሯ ቀና ብላ አየቻት። ጥሩወርቅ ተረጎመችው።

«አትንቀሳቀስም» አለች ርብቃ ዓይኗን ጨፍና። «ዓይኗ ክፍት ነው። ሻርፗ ወልቋል። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል... ስሄድ ጥቁር ነበር እኮ።» ከዚያ ፊቷ ሁሉ ፈረሰ። «እማዬ ይቅር በይኝ። እማዬ ተነሺ። ተነሺ፣ ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ተነሺልኝ።»

ጥሩወርቅ ሳትጨምር ሳትቀንስ መለሰችው፤ የመጨረሻውን ስታደርስ ድምፅ አልቀራትምና በሹክሹክታ ጨረሰችው። ርብቃ ብዙ አለቀሰች። ዶክተሯ ቲሹውን አቀረበችላት እንጂ አላቋረጠቻትም። ለቅሶው ሲበርድ ርብቃ አንገቷን ዳሰሰችና «ተከፈተ» አለች፤ «ጉሮሮዬ ተከፈተ።» ፊቷ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ መስሎ ነበር። ሳቀች፤ በዚህ ሳቅ ውስጥ የተደበቀ ነገር አልነበረም። «እወዳታለሁ እኮ። ዛሬ እደውልላታለሁ። አትደውይ ብትልም እደውላለሁ። ጎረቤትም ቢሆን ያቀርብልኛል፣ ድምፅዋን ሳልሰማ አላድርም።»

ጥሩወርቅ ይህንንም ተረጎመችው። ዶክተር አቺየንግ ደስ ብሏት ላፕቶፑን ወደ ርብቃ አዞረችና ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰች። «እጅሽን እዪው። ከዚህ ጀምሮ» አለች።

ማያው ላይ ርብቃ ተቀምጣለች። እጇ ይጨበጣል፣ ትተነፍሳለች፣ ትጮኻለች። በቀኝ ጠርዝ፣ ሌላ ጊዜ ባዶ ግድግዳ ብቻ በሚታይበት፣ ዛሬ የጥሩወርቅ ግማሽ አካል አለ። ርብቃ መጀመሪያ የራሷን እጅ አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጠርዙ ሄደ። «መልሺው» አለች። ዶክተሯ ይህን አማርኛ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ መለሰችው። ርብቃ እንደገና አየች። ማያው ላይ ርብቃ «ትወድቃለች» ስትል አስተርጓሚዋ አፏን በመዳፏ ትከድናለች። «ተነሺ» ስትል አስተርጓሚዋ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እንደሚያደርገው። ርብቃ ለሦስተኛ ጊዜ አስመለሰችው። ከዚያ ጣቷን ማያው ላይ አሳርፋ ዞረች።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምን አለች?» አለች ዶክተሯ።

«ይሄ ምንድነው አለች። የእኔን እጅ ማለቷ ነው።» ዶክተር አቺየንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩወርቅን በሽተኞቿን በምታይበት ዓይን አየቻት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ እጇን።

«ስድስት ሳምንት አብረሽኝ ተቀምጠሻል» አለች ርብቃ። «አንድ ቀን እንዲህ ሆነሽ አታውቂም። እማዬን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም የኔ እናት።»

«ታዲያ ተነሺ ስላት ለምን ጭንቅላትሽን ነቀነቅሽ?»

ጥሩወርቅ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ የራስሽን አታስገቢ የሚለውን ወረቀት አሰበች፤ ስልሳውን ሰውና ሻዩን አሰበች፤ የሚይዝ ሰው፣ ውሃ፣ ሽማግሌ የሌለበትን ይህን ክፍል አየች። ረዥም ትንፋሽ ሳበች፤ ከሆዷ ተነስቶ ትከሻዋን ከፍ አድርጎ የወጣ ትንፋሽ፣ ልታቆመው ያልቻለችው።

«ተነፈስሽ» አለች ርብቃ።

ርብቃ ያስተማሯትን በደንብ ተምራለች። ሞተች ወይ ብላ አልጠየቀችም።

«መቼ?» አለች።

«ጥር ላይ። እኔ ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፤ በእግዚአብሔር ስም፣ ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ጥሩወርቅ፣ ምንድነው የምትባባሉት?» አለች ዶክተሯ።

«እናቷ ሞታለች። አምስት ወር ሆኗታል። ደብቀዋት ነው።»

የዶክተር አቺየንግ እጅ የወንበሩን ክንድ ፈልጎ ያዘ። «እኔ እኮ አሁን እዪያት ብዬ...» አለችና አልጨረሰችውም። ጥሩወርቅ ይህን ወደ አማርኛ አልመለሰችውም።

ርብቃ አላለቀሰችም። ወለሉን እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። «ጥር» አለች። «ፓርክላንድስ የጸሎት ፕሮግራሙ ጥር ነበር። ሻይ ቀድቼላቸዋለሁ። ዓይናችሁ ምነው ቀላ ብያቸዋለሁ።» ቀና አለች። «እሁድ የጻፈልኝ ማነው?»

የጥሩወርቅ ዓይን በሩ ላይ አረፈ። ርብቃ ዓይኗን ተከትላ በሩን አየችው፤ ከበሩ ወዲያ ቦርሳዋን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠውን ሰው ያየችው መሰለች። ያኔ ነው ጩኸቱ የመጣው። «እማዬ!» አለች፤ አንድ ቃል፣ ሦስቱን ፎቅ የሞላ። የጥርስ ሐኪሙ መሣሪያ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሮጠ፤ እንግዳ ተቀባይዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» ብላ በስዋሂሊ አጽናናቻትና ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት ቆመች። ኢያሱ በእሷ ትከሻ በኩል ገባ። እንዲህ ያለ ጩኸት ምን ማለት እንደሆነ ለእሱ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም። የእህቱን ቦርሳ በግራ እጁ ይዟል፤ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁለተኛ ስልክ በጨርቁ ላይ ጨምድዶታል። ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ።

«ርቤ፣ ምን ሆንሽ? ምንም የለም፤ ምንም አልሆነም የኔ እህት» አላት።

ርብቃ ጩኸቷን አቋረጠች። ፊቱን አየችው፤ ከዚያ ኪሱ ላይ ያለውን እጁን፤ ከዚያ እንደገና ፊቱን። ስትናገር ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቁርጥ የዶክተሯን ድምፅ ነበር።

«ኢያሱ» አለችው። «ፈገግ እያልክ ነው። አስተውለሃል?»

«ምን አለችው?» አለች ዶክተሯ በሹክሹክታ።

«ፈገግ እያልክ ነው፣ አስተውለሃል ወይ አለችው» አለች ጥሩወርቅ፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

ኢያሱ ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እጁን አንስቶ በጣቶቹ ከንፈሩን ዳበሰ። ፈገግታው እዚያው ነበር።